ስለ ትንሿ የደን ጉጉት፥ ስለ ሳጥን ጎጆዋና ስለ አይጥ ትኩሳት

በአገራችን ጉጉት በጣሪያ ላይ ወይም በግቢ ዛፍ ላይ ሆና ስትጮኽ የሰማ ሰው ደስ አይለውም። ሽማግሌዎች ያማትባሉ፤ ልጆች ድንጋይ ያነሣሉ፤ በቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው የተኛ እንደ ሆነማ የቤተ ሰቡ ፊት ይጠቍራል። ይህ ፍርሃት ግን የእኛ ብቻ አይደለም። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ አንዲት ትንሽ የሰሜን ደን ጉጉት በጻፈ ጊዜ በላቲን ቋንቋ «ፉኔሬያ» ብሎ ሰየማት። ትርጓሜውም የቀብር፥ የለቅሶ ማለት ነው። በደል ያልሠራች ወፍ ይህን ስም ይዛ እስከ ዛሬ በሊቃውንት መጽሐፍ ትኖራለች።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ1788፥ ዮሐን ግሜሊን የተባለ የጀርመን ሊቅ ይህችኑ ወፍ በፔተር ጉስታቭ ቴንግማልም ስም ጠራት። ቴንግማልም የስዊድን ሐኪም ነበር፤ የጉጉቶችን ዓይነትና አመዳደብ በጥንቃቄ ያጠና ሰው ነው። ስለዚህ ወፊቱ በብዙ አገር የቴንግማልም ጉጉት ትባላለች። ፊንላንዶች ደግሞ በላይዋ ላይ ስለ ተረጨው ነጭ ነጠብጣብ «ሄልሚፖሎ» ይሏታል፤ የሉል ጉጉት እንደ ማለት ነው። ከሦስቱ ስሞች ይህ የመጨረሻው ስለሚያምርብን እኛም በዚሁ እንጠራታለን። አንድ ሐኪም ከሕመምተኞቹ የተረፈውን ጊዜ ለጉጉት መስጠቱ አንዳንዱን አንባቢ ያስቀው ይሆናል። ዳሩ ግን የጤና ጥበቃ ሥራና የዚህች ወፍ ኑሮ በአንድ ትንሽ እንስሳ፥ ይኸውም በአይጥ፥ እንዴት እንደ ተገናኙ ከዚህ በታች እናሳያለን።

የሉል ጉጉት በሰሜን አውሮፓ፥ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ ደኖች፥ እንዲሁም በመካከለኛው አውሮፓ ተራራዎች ትኖራለች። ቁመቷ ከ22 እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ነው። ወንዱ ክብደቱ 100 ግራም ያህል ሲሆን ሴቲቱ ከእርሱ ትበልጣለች። ራሷ ትልቅ፥ ፊቷ እንደ ሰሐን ክብ፥ ዓይኖቿ ቢጫ ናቸው። በሌሊት ታድናለች፤ ቀን ቀን በጥቅጥቅ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች።

የሚያስደንቀው ጆሮዋ ነው። ከሁለቱ የጆሮዋ ቀዳዳዎች አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የራስ ቅሏ አጥንት ራሱ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ሰው ይህን ቢያይ የአፈጣጠር ጕድለት ይመስለዋል። ነገር ግን ከታች የሚመጣው ድምፅ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ስለማይደርስ፥ ጉጉቷ አይጡ በስተግራ ነው ወይስ በስተቀኝ፥ ከፍ ብሎአል ወይስ ዝቅ ብሎአል የሚለውን በአንድ ጊዜ ትለያለች። በዚህም የተነሣ በጨለማ፥ በሣር ሥር፥ እንዲያውም በስስ በረዶ ሥር የሚሄደውን አይጥ ሳታየው ትይዘዋለች። የክንፍዋም ላባ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ ስትበር ድምፅ አይሰማም።

በክረምት ወራት ምግብ ሲተርፋት በዛፍ ቀዳዳ ታስቀምጠዋለች። በዚያ አገር ብርድ ሥጋው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ጉጉቷ ምን ታደርጋለች ቢሉ፥ እንደ ዕንቁላል ትታቀፈዋለች፤ በሰውነቷ ሙቀት እስኪላላ ድረስ በላዩ ተቀምጣ ትቈይና ከዚያ በኋላ ትበላዋለች። በረዶ የያዘውን ሥጋ ማቅለጥ የጀመረው የሰው ልጅ ብቻ እንዳይመስለን!

እንግዲህ ይህች ወፍ ለመብላት ብልሃት ብዙ ያላት ስትሆን፥ ቤት በመሥራት በኩል ግን ምንም አታውቅም። ጎጆ አትሠራም፤ ጭራሮም አትለቅምም። የምትኖረው ሌላ ወፍ ቈፍሮ በተወው ቀዳዳ ነው፤ ይኸውም ጥቁሩ ግንደ ቆርቁር በወፍራም የጥድ ወይም የአስፐን ግንድ ላይ የሚፈለፍለው ትልቅ ቀዳዳ ነው። ጥቁሩ ግንደ ቆርቁር ደግሞ ለሥራው ያረጀና የወፈረ ዛፍ ይፈልጋል። ነገር ግን ዛሬ በስካንዲናቪያ አብዛኛው ደን ለጣውላና ለወረቀት ተብሎ የሚተከልና የሚቈረጥ ስለ ሆነ፥ ዛፉ ሳያረጅ ይወድቃል፤ የደረቀውና የበሰበሰውም ግንድ እንደ ቆሻሻ ይወገድ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር አይጥ ሞልቶ ሳለ ጉጉቷ ቤት አጥታ ትንከራተታለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሳንቃ ሳጥን ነው። በፊንላንድ የወፍ ወዳጆች በሺህ የሚቈጠሩ ሳጥኖችን በየደኑ ሰቅለዋል። በምዕራብ ፊንላንድ በካውሃቫ አካባቢ ኤርኪ ኮርፒማኪ የተባሉት ሊቅና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመቶ የሚቈጠሩ ሳጥኖችን በየዓመቱ እየተመለከቱ፥ በዓለም ላይ ስለዚህች ወፍ ከተጻፈው እጅግ የሚልቀውን ዕውቀት አከማችተዋል።

የሳጥኑ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ቀለም ወይም መድኃኒት ያልተቀባ፥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ሳንቃ ይወሰዳል። የውስጡ ወለል በአራቱም ማዕዘን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የመግቢያው ቀዳዳ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በላይ ከፍ ብሎ ይበሳል። የፊተኛው ሳንቃ ውስጡ በመላጊያ ሊለሰልስ አይገባም፤ ጫጩቶቹ በጥፍራቸው ቧጥጠው የሚወጡት በእርሱ ነውና። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ ለጽዳትም እንዲመች የሚከፈት ይሆናል። በወለሉ ላይ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከዚያም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ወይም የመላጊያ ፍቅፋቂ ይነጠፍበታል፤ ጉጉቷ የሚነጠፍ ነገር ይዛ ስለማትመጣ ይህ ከጐደለ ዕንቁላሉ በባዶ ሳንቃ ላይ ይንከባለላል። ሳጥኑ ከመሬት ከ4 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል።

ይህን ሁሉ አድርጎ የሰቀለ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ አላለቀም። በእነዚያ ደኖች ማርተን የሚባል፥ ሽለምጥማጥን የሚመስል አውሬ አለ። ዛፍ ለመውጣት እጅግ ብልጥ ነው፤ በቀዳዳው ገብቶ እናቲቱንም ዕንቁላሉንም ጫጩቱንም ይጨርሳል። ጌይር ሶነሩድ የተባሉ የኖርዌይ ሊቅ በ1985 ባሳተሙት ጥናት፥ አዲስ የተሰቀለ ወይም ቦታው የተለወጠ ሳጥን በዚህ አውሬ እምብዛም እንደማይደፈር፥ ለብዙ ዓመት በአንድ ዛፍ የቈየው ሳጥን ግን ይበልጥ እንደሚደፈር አሳዩ። ምክንያቱም ማርተን አንድ ጊዜ ምግብ ያገኘበትን ቤት አይረሳም፤ በየዓመቱ እየተመለሰ ይጐበኛል። ጉጉቷም ይህን የምታውቅ ይመስል፥ በቻለች መጠን ጎጆዋን ትለውጣለች። ስለዚህ ሳጥን ሰቅሎ ዘወር ብሎ አለማየት ለወፊቱ ወጥመድ እንደ መሥራት ነው። በየጥቂት ዓመቱ ወደ ሌላ ዛፍ ማዛወር፥ አለዚያም ግንዱን አውሬው ሊቧጥጠው በማይችል ቈርቈሮ መጠቅለል ያስፈልጋል። በጎ ለማድረግ ብሎ ጀምሮ ማቋረጥ አንዳንድ ጊዜ ካለመጀመር እንደሚከፋ፥ በጤና ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየመንደሩ ከተበላሸው የውሃ ቧንቧ ተምረናል።

አውሬው የሚያሰጋውን ያህል የሰው ሥራም ያሰጋል። በቼክ አገርና በጀርመን ድንበር ባሉት የማዕድን ተራራዎች በተባሉት ቦታዎች፥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከከሰል የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች የወጣው የዲን ጢስ ሰፊውን የስፕሩስ ደን አደረቀው። ያ ጢስ የሰውንም ሳንባ ጐድቶአል። ከዚያ በኋላ የተተከለው ወጣት ደን ቀዳዳ ያለው ግንድ ስለሌለው፥ የቼክ ሊቃውንት ሳጥን ሰቅለው የሉል ጉጉት በዚያ እንድትራባ አድርገዋል። በአንዳንዶቹም ሳጥኖች ውስጥ ወንዱ በሌሊት ስንት ጊዜ ምን ዓይነት አይጥ እንዳመጣ የሚመዘግብ ካሜራ አግብተዋል።

የዚህች ወፍ ኑሮ ሁሉ በአይጥ ቍጥር ይመራል። በሰሜን አውሮፓ የሜዳና የደን አይጦች በየሦስት ወይም በየአራት ዓመት እጅግ ይበዛሉ፤ ከዚያም በድንገት ይጠፋሉ። አይጥ በበዛበት ዓመት ሴቲቱ ስድስትና ሰባት ዕንቁላል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ትጥላለች፤ ወንዱም ሁለት ሚስት ይዞ በሁለት ሳጥን ሲያመላልስ ይታያል። አይጥ በጠፋበት ዓመት ግን ብዙዎቹ ጨርሶ አይወልዱም። ያን ጊዜ ሴቲቱ አይጥ ወዳለበት አገር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ ትሰደዳለች፤ ወንዱ ግን ቀዳዳ ያለው ዛፍ እንዳይወሰድበት ቤቱን ጠብቆ እየተራበ ይቀራል። ሴቲቱ ዕንቁላል በታቀፈች ጊዜ፥ እርሱም አራት ሳምንት ያህል ነው፥ ከሳጥኑ የምትወጣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ምግቧን ሁሉ የሚያመጣላት ባልዋ ነው።

አሁን ወደ ጤናው ጕዳይ እንመለስ። በ1934 ሁለት የስዊድን ሐኪሞች፥ ሚዩርማንና ዜተርሆልም፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፥ በሰሜን ስዊድን ያዩትን አንድ በሽታ ጽፈው አስታወቁ። በሽተኛው በድንገት ከባድ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ራሱን፥ ወገቡንና ሆዱን ያመዋል፤ ኩላሊቱ ይታመማል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፤ በኋላም ይበዛል። በአንዳንዱ ላይ ሩቅ ያለው ነገር ለጥቂት ቀን ይደበዝዝበታል። መንሥኤው ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ቈየ። በ1980 የፊንላንድ ሊቃውንት ፑማላ በምትባል አውራጃ ከተያዙ የደን አይጦች ሳንባ ውስጥ የበሽታውን ቫይረስ ምልክት አገኙ፤ ቫይረሱም በቦታው ስም ፑማላ ተባለ። አይጡ ራሱ አይታመምም። ቫይረሱ ግን በኩሱ፥ በሽንቱና በምራቁ ይወጣል፤ ሲደርቅም ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በሰው አፍንጫ ይገባል። በአይጥ መተኛ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ገደማ ሳይሞት መቈየት ይችላል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

በፊንላንድ በዓመት ከአንድ ሺህ እስከ ሦስት ሺህ ሰው በዚህ በሽታ መያዙ ይመዘገባል፤ አይጥ እጅግ በበዛበት በ2008 ከሦስት ሺህ በላይ ነበር። የሚሞተው ሰው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎች ሆስፒታል ይተኛሉ፤ ጥቂቶችም ለጊዜው የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል። የተለየ መድኃኒት የለውም፤ በአውሮፓም ለዚህ የሚሆን ክትባት አይሰጥም። ሕዝቡ «የአይጥ ትኩሳት» ይለዋል።

ይህን በሽታ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይናችን አይተነዋል። በዚያ አገር ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ፥ በጥቅምት ወር ሳጥን ከሚያጸዱ የወፍ ወዳጆች ጋር ወደ ደን ሄድን፤ አንድ የክፍል ጓደኛችንም ከእኛ ጋር ነበረ። የምናድረው በበጋ ብቻ ሰው በሚያርፍባት በአንዲት የእንጨት ጎጆ ነበር። ስንከፍታት ወለሉ ላይ የአይጥ ኩስ ተበትኖአል፤ በአልጋውም ፍራሽ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። እኛ ከሌሎቹ ጋር መሰላል ይዘን ስንወጣ ጓደኛችን ወለሉን ሊጠርግ ቀረ። መጥረጊያውን ያቀበልነው እኛ ነበርን። ተመልሰን ስንገባ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አቧራው እንደ ጢስ ቆሞ ነበር፤ ጓደኛችንም እየሳለ ይስቅ ነበር። ከመካከላችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ይህን ባዩ ጊዜ ሳይቈጡ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጡን። «ደረቅ መጥረጊያ በዚህ ቤት አይነካም» አሉ። እኛ የጤና ተማሪዎች፥ እርሳቸው የገበሬ ሚስት ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛችን ተኛ። ትኩሳቱ አርባ ደረሰ፤ ወገቡን ይዞ ይጮኽ ነበር። በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ ተሳነው፤ ይህም እጅግ አስፈራን። የመረመረው ሐኪም ገና ደሙን ሳይወስድ «በቅርቡ የበጋ ጎጆ ጠርገሃል?» ብሎ ጠየቀው። ዐሥር ቀን በሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ ዓይኑም ተመለሰለት። ከዚያ ወዲያ ግን መጥረጊያ ለሰው ስናቀብል ያች ጎጆ ትዝ ሳትለን ቀርታ አታውቅም።

እንግዲህ አንባቢ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ጉጉቷ አይጥ የምትበላ ከሆነች፥ ሳጥን ብንሰቅል በሽታው አይጠፋምን? አይጠፋም ብለን በግልጽ መመለስ አለብን። አንድ የጉጉት ቤተ ሰብ በአንድ የመራቢያ ወራት በመቶ የሚቈጠሩ አይጦች መብላቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጉጉቷ አይጥ ሲበዛ ትመጣለች፥ ሲጠፋ ትሄዳለች፤ የአይጡ ቍጥር እርስዋን ይመራታል እንጂ እርስዋ የአይጡን ቍጥር አትመራም። ሳጥን የሚሰቀለው ወፊቱ ቤት እንድታገኝ ነው፤ ይህም በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ከሰው ቤት በሽታን የሚከለክለው ግን እርጥብ ጨርቅና የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ወፍን ለማስወደድ ሲባል ያልተረጋገጠ የጤና ጥቅም መስበክ አይገባም ብለን እናምናለን፤ ሕዝብ አንድ ጊዜ የተታለለ እንደ ሆነ በሁለተኛው እውነተኛውንም አይሰማም።

አይጥ የገባበትን ጎጆ፥ ጎተራ፥ የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ወይም የጉጉት ሳጥን የሚያጸዳ ሰው እንደዚህ ያድርግ። አስቀድሞ በርና መስኮት ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቤቱን ያናፍስ፤ እርሱም ውጭ ይቈይ። ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። ኩሱንና የአይጡን ጎጆ በውሃ በተበጠበጠ በረኪና ያርጥብ፤ ጥቂት ጊዜም ይተወው። ከዚያ በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠርጎ፥ በከረጢት አሥሮ ያስወግድ፤ ወለሉን በእርጥብ መወልወያ ይወልውል፤ በመጨረሻም እጁን በሳሙና ይታጠብ። በደረቁ መጥረግ፥ መንፋት፥ ፍራሽ ማራገፍ ፈጽሞ አይደረግም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚያዝ በፊንላንድ ታይቶአል። የጉጉት ሳጥን የሚጸዳው ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ በመጸው ወይም ወፊቱ ዕንቁላል ሳትጥል በክረምቱ መጨረሻ ነው፤ በውስጡ የሚገኘው ኩስ፥ የተተፋ ጠጉርና አጥንት ከአሮጌው ሰጋቱራ ጋር ይወጣና አዲስ ይነጠፋል። በሳጥኑ ውስጥ ግን በረኪና አይረጭም፤ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ይህ የአይጥ አቧራ ነገር ለሩቅ አገር ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። የዚሁ ቤተ ሰብ የሆነ ቫይረስ በሰሜን ኢትዮጵያ በትግራይ ነጭ እግር ካለው የደጋ አይጥ ተገኝቶ በ2012 በሊቃውንት ተጽፎአል። ይህ ማለት የፊንላንድ በሽታ በአገራችን አለ ማለት አይደለም፤ ቫይረሱም ሌላ ነው። ነገር ግን የእህል ጎተራ የሚጠርግ ገበሬ፥ የተዘጋ የመጻሕፍት ክፍል የሚከፍት መምህር አስቀድሞ ውሃ ቢረጭ የሚጎዳው ነገር የለም።

ስለ አይጥ መርዝም አንድ ቃል እንጨምር። በየሱቁ የሚሸጠው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ አይጡን ወዲያው አይገድለውም፤ ለብዙ ቀን እየደከመ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለውን ደካማ አይጥ ለመያዝ ለጉጉት ቀላል ስለ ሆነ መርዙ ወደ እርስዋ ይተላለፋል። በአውሮፓ ሞተው በተገኙ ብዙ ጉጉቶች ጉበት ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቶአል። ወጥመድ የሚበቃበት ቤት መርዝ ባይገባ ይሻላል።

በደኖቻችን ውስጥ በዛፍ ቀዳዳ የሚኖር የአፍሪካ የደን ጉጉት አለ፤ በደጋውም የአበሻ ጉጉት የተባለው ጆሮ መሰል ላባ ያለው ወፍ አይጥ እያደነ ይኖራል። ከዚህ በላይ የሰጠነው የሳጥን ልክ ግን ለሰሜኒቱ ትንሽ ጉጉት የተቈረጠ ስለ ሆነ ለእነዚህ አይስማማም፤ የአፍሪካው የደን ጉጉት በክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ተማሪዎቻቸውን ወደ ደን ይዘው የሚወጡ መምህራን ሳንቃ ከመግዛታቸው በፊት ቀዳዳ ያላቸውን አሮጌ ዛፎች ቈጥረው በደብተር ቢመዘግቡ፥ ዛፎቹም እንዳይቈረጡ የቀበሌውን ሽማግሌዎች ቢለምኑ ይቀድማል። በፊንላንድ ሳጥን የሚፈትሹ ሰዎች ግንዱን በበትር ጫር ጫር ያደርጋሉ፤ ጉጉቷም ማርተን የመጣ መስሎዋት ክቡን ፊቷን በቀዳዳው ብቅ ታደርጋለች። በእኛ አገር ደን ይህን የሚሞክር ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ከቀዳዳው ብቅ የሚለው እባብ ሊሆን ይችላልና።